ማንዋል ልማር ወይስ በአውቶማቲክ ልገላገል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ልምምድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የምማረው በማንዋል፣ ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት መኪና ነው። ሜዳ ላይ ምንም አልልም። ዳገት ላይ ግን አለቀልኝ። ትናንት ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ መኪናዋ አራት ጊዜ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እናት፣ እንግፋልሽ?" አለኝ። አስተማሪዬ ሳቀ። እኔ ላብ በላብ።

ያጠራቀምኳት ብር ያገለገለች ቪትዝ ትገዛልኛለች። እህቴ "አውቶማቲክ ግዢና ተገላገይ" ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ "ማንዋል ያልነዳ ሹፌር አይባልም" ባይ ነው። ሁለቱም መኪና የላቸውም! እስቲ የነዳችሁ ንገሩኝ።

የአይሱዙ ሹፌር፦
ልጄ፣ 22 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። አሁን የልጄን አውቶማቲክ ቪትዝ ነው የምነዳው። ስለዚህ አላዳላም።

የምትጠፋብሽ ፍሪሲዮኑን፣ የግራ እግር ፔዳሉን፣ ቶሎ ስለምትለቂው ነው። የእጅ ፍሬን ያዢ። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ነዳጅ ስጪ፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ ይደክማል። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲል፣ መኪናዋ ከፊት ቀና ስትል እግርሽን እዚያው አቁሚ። ባላንስ ያዘች ማለት ነው። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ።

ዳገቱን በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። በወጣትነቴ የጎጃም ጤፍ ጭኜ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ወረድኩ። ፍሬኑ ጋለ፣ ሸራው ሸተተ፣ ከዚያ ብረግጥ ብረግጥ መልስ የለም። ያቆመኝ የመንገዱ ዳር አፈር ነው። ጤፉ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ማርሹ ራሱ ይይዛታል። አውቶማቲክም ላይ አለ እኮ፤ ረጅም ቁልቁለት ዲ ላይ፣ በተለመደው የወደፊት ማርሽ፣ ትተሽ አትውረጂ። መኪናዋን በሞተሩ የሚይዝልሽ፣ አንዳንዱ ላይ ኤል ወይም 2፣ አንዳንዱ ላይ ቢ የሚል ታገኛለሽ። የልጄ ቪትዝ ቢ አላት። ሦስት ዓመት ሲነዳት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር!

የጋራዥ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ስለ ኪስሽ ልናገር። የማንዋል ፍሪሲዮን ሸራ ቢያልቅ የትም ይቀየራል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ግን አንዴ ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ሙሉውን መቀየር ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ገበያ ላይ የሚዞረው ብዙ እጅ ያየ ነው፤ ስለዚህ ተጠንቀቂ። አንዳንዷ ቪትዝ ሲቪቲ የሚባል የአውቶማቲክ ዓይነት ናት። በብረት ቀበቶ ነው የምትሠራው፣ የራሷ ዘይት አላት። ሌላ ዘይት የጨመረባት ሰው ካለ ጦሱ ለገዢ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሺና ከአር (ከኋላ ማርሽ) ወደ ዲ ቀይሪ። ከደነገጠች ወይም ዘግይታ ከያዘች ተያት። ደግሞ ባትሪዋ ከሞተ ያ ረዳት ቢገፋሽም አትነሳም።

ከፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን በአውቶማቲክ ብቻ ከተፈተንሽ መንጃ ፈቃድሽ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይገባል፣ ማንዋል መንዳት ክልክል ነው። በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 2021 ወዲህ በማንዋል ቢያንስ 10 ክፍለ ጊዜ ተምሮ የ15 ደቂቃ ሙከራ ላለፈ ቁጥሩ አይገባበትም። እኔን ያዳነኝ አገር ቤት ማንዋል መልመዴ ነው። ጀምረሽዋል፣ ጨርሺው።

ጀማሪዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እንዳሉኝ ሞከርኩት። አንዴ ብቻ ጠፋችብኝ። ማንዋሉን እጨርሳለሁ፣ የምገዛውን በኋላ አያለሁ። ግን ጤፉ ምን ሆነ?

የአይሱዙ ሹፌር፦
የአካባቢው ሰው ግማሹን በጆንያ ሰብስቦ ጫነልኝ። የቀረውን ከደመወዜ ቆረጡብኝ።