ፖሊመር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ፦ ኤክስፖነንቴ ለምን አነሰ?

ጥያቄ — ዶቃዬ
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ቴሲሴ የፖሊመር (ረጅም ሞለኪውል) ሰንሰለት በስስ ሜምብሬን (ክፍልፋይ) ቀዳዳ ሲያልፍ ላምፕስ በተባለው የሞለኪውል ሲሙሌሽን ፕሮግራም ሲሙሌት እያደረግሁ ነው። ሰንሰለቱ በስፕሪንግ የተያያዙ ዶቃዎች ነው። ቀዳዳው አንድ በአንድ ብቻ ያሳልፋል፤ ጎታቹ ኃይል የሚያርፈውም ቀዳዳው ውስጥ ባለው ዶቃ ላይ ነው። ውሃውን በላንጄቫን፣ ማለትም በሰበቃ (ፍሪክሽን) እና በዘፈቀደ የሙቀት ግፊት፣ ተክቼዋለሁ። በፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ካንቶርና ካርዳር የ2004 ስሌት መሠረት፣ የማለፊያው ጊዜ ከዶቃው ብዛት (ኤን) ጋር በ1.588 ኤክስፖነንት (እንደ ኤን 1.588 እርቢ) እንዲያድግ ጠብቄ ነበር። ከ32 እስከ 256 ዶቃ ለክቼ የኔ 1.37 ሆነ። ደግሞ ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ገባ ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል። አማካሪዬ «ኮዱን ፈትሺው» አሉኝ። ፈተሽኩ፣ ምንም የለም። የት ልይ?

ጣና
መመለሱ አያስደንግጥሽ፣ ጤነኛ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ የገቡት ዶቃዎች ጥቂት ስለሆኑ ጎታቹ ኃይል የሠራው ሥራ ገና ትንሽ ነው፤ የሙቀት ንቅናቄው በቀላሉ መልሶ ያወጣቸዋል። በዚያ ላይ ግድግዳው ሰንሰለቱን ለሁለት ሲከፍለው የቅርጽ ነፃነቱ ይቀንሳል። የኢንትሮፒ ዳገት የሚባለው ይሄ ነው። ዳገቱ ዝቅተኛ ነው፤ ግን ደካማ ኃይል ካለሽ ይሰማል። ኃይሉን በአንድ ዶቃ ስፋት አባዢና ከሙቀት ኢነርጂው ጋር አወዳድሪው። እኩል ገደማ ከሆኑ ብዙ ሩን (ሙከራ) ይከሽፋል። አማካዩን ካለፉት ብቻ አውጪ፤ ስንት በመቶ እንዳለፈም ቴሲሱ ላይ ጻፊ። አንዳንድ ተመራማሪ የመጀመሪያው ዶቃ ወደ ኋላ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ይቻላል፣ ግን ሳይናገሩ ማድረግ ደስ አይልም።

መምህር ጡረታ
ልጄ፣ 1.37 የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። መሬት ላይ የተዝረከረከ ገመድ ጫፉን ስትስቢው መጀመሪያ የሚነቃነቀው ቅርቡ ብቻ ነው፤ ሩቁ የሚነሳው ውጥረቱ ሲደርሰው ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው ሳካኡዌ በ2007 ሰንሰለቱንም በዚሁ መልክ አየው። ውጥረቱ እየሰፋ ሲሄድ የሚጎተተው ዶቃ ይበዛል፣ ሰበቃውም ያድጋል። 1.588 የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀዳዳው ግን የራሱ ሰበቃ አለው፤ ይህኛው የሚጨምረው ጊዜ ከኤን ጋር ቀጥታ ነው የሚያድገው (ኤክስፖነንቱ 1)። አጭር ሰንሰለት ላይ ሁለቱ ይደባለቁና በ1 እና በ1.588 መካከል የሆነ ቁጥር ይሰጡሻል። በሎግ ሎግ ግራፍ አትለያቸውም። ጊዜውን ለኤን አካፍዪ፤ ውጤቱን ከኤን 0.588 እርቢ ጋር ሳዪው። ቀጥ ያለ መስመር ከወጣ ኮድሽ ደህና ነው። ተዳፋቱ የሰንሰለቱን ሰበቃ፣ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት ነጥብ የቀዳዳውን ይነግርሻል።

ሩቅ አገር
እኔ የምጠረጥረው ዝግጅቱን ነው። ለሁሉም ርዝመት እኩል የማረጋጊያ ጊዜ ሰጥተሽ ይሆን? ሰንሰለቱ የቀድሞ ቅርጹን ረስቶ የሚረጋጋበት ጊዜ በኤን 2.18 እርቢ ገደማ ያድጋል። ከ32 ወደ 256 ስትሄጂ 90 እጥፍ አካባቢ ነው! የመጀመሪያውን ዶቃ ቀዳዳው ላይ ያዢው፣ ቀሪው እስኪረጋጋ ጠብቂ፣ ከዚያ ልቀቂ።

ዶቃዬ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት ሳልኩት፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሩቅ አገር፣ ማረጋጊያውን ከርዝመቱ ጋር አሳድጌ ነው የሄድኩት። አሁን አማካሪዬ «ከላብራቶሪ ውጤት ጋር አወዳድሪው» ብለውኛል። ቀዳዳውን አስፍቼ ልሞክር?

ጣና
ብዙ አታስፊው። ሰንሰለቱ ታጥፎ፣ ሁለት ሆኖ መግባት ይጀምራል፤ ያ ሌላ ችግር ነው።

መምህር ጡረታ
ቁጥር ለቁጥር ለማዛመድ አትድከሚ። በ1996 ካሲያኖዊች፣ ብራንዲን፣ ብራንተንና ዲመር ነጠላ ክር አርኤንኤና ዲኤንኤን አልፋ ሄሞላይሲን በተባለ ፕሮቲን ቀዳዳ ሲያሳልፉ ጊዜው ከርዝመቱ ጋር ቀጥታ አደገ። ጠባቡ ቦታ 1.4 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 2 ናኖሜትር የሚሰፋው ድርብ ዲኤንኤ አያልፍም። እንዲህ በጠበበ ቦታ የቀዳዳው ሰበቃ ቢገንን አይገርምም። ስቶርምና ባልደረቦቹ በ2005 ድርብ ዲኤንኤን ሰፋ ባለ የሲሊኮን ኦክሳይድ ቀዳዳ አሳልፈው 1.27 አገኙ። እዚያ የሰንሰለቱ አንዱ ክፍል ሲንቀሳቀስ የውሃው ፍሰት ሌላውንም ይገፋል፤ ያንቺ ላንጄቫን ይህን አያውቅም። ስለዚህ በቴሲስሽ የምታወዳድሪው አዝማሚያውን ነው፦ የቀዳዳውን ሰበቃ ስትጨምሪ ኤክስፖነንቱ ወደ 1 ይወርዳል ወይ? ለዚህ ሁለት ሦስት የሰበቃ ዋጋ ይበቃሻል።