በክረምት ደም የነካው ልብስና የጭቃ ላይ ዱካ እንዴት ይጠበቅ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተሁለደሬ ወረዳ ላሉ የቀበሌ ሚሊሻዎችና አዳዲስ ፖሊሶች የግማሽ ቀን ስልጠና እያዘጋጀሁ ነው። መርማሪ እስኪደርስ ቦታውን ይዘው የሚቆዩት እነሱ ናቸው። ደም የነካው ልብስ በፌስታል ታስሮ ይመጣና ሲከፈት ሻግቶ ይገኛል። ከመስኮት ሥር ጭቃ ላይ ያለውን የጫማ ዱካ ዝናብ ያጠፋዋል። የተሰበረው መስታወትም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል። ኬሚካል የለንም፤ ጀሶ፣ ወረቀት፣ የእጅ ባትሪና ስልክ ግን አለን።

ጦሳ፦
አብሽር፣ በያዝከው ዕቃ ብዙ ይሠራል። መነሻው ከፈረንሳዊው ኤድሞንድ ሎካርድ ስም ጋር የሚነሳው መርሕ ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ላይ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመ ነው። ሁለት ነገር ከተነካካ አንዱ በሌላው ላይ አንዳች ነገር ይተዋል። ይህ ለሌባው ብቻ ሳይሆን እሪ ሲባል ለሚሰበሰበው ሰው ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ገመዱን ከምታስቡት በላይ አርቃችሁ ዘርጉ፣ መግቢያውን አንድ አድርጉ፣ የገባውን ሰው ሁሉ ስም ጻፉ፣ የጫማውንም ሶል ፎቶ አንሱ፤ በኋላ የእሱን ዱካ ለይቶ ለማውጣት ያስፈልጋል።

ልብሱን የሚያበላሸው ፌስታሉ ነው። ርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፣ የደሙን ባለቤት የሚለየውን ዲኤንኤም ይሰባብሩታል፤ ኮምቦልቻን በመሰለ ሞቃት ቦታ ደግሞ ይፈጥናል። ንጹሕ ወረቀት አንጥፋችሁ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ እሳት ዳርም አይቅረብ፤ ሁለቱም ዲኤንኤ ይጎዳሉ። እድፉ በእድፍ ላይ አይታጠፍ፤ መሐሉ ወረቀት ይግባበት። የተጎጂውና የተጠርጣሪው ልብስ አንድ ክፍል ውስጥ እንዳይደርቅ፣ አንድ ሰውም በአንድ ጓንት ሁለቱን እንዳይነካ። በደንብ ሲደርቅ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ይታሸግ። የተነጠፈውን ወረቀትም አትጣሉት፤ የረገፈው ፀጉርና አፈር እሱ ላይ ነው። እርጥብ ሆኖ መጓዝ ግድ ከሆነ ፌስታል ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይበት። ማዳበሪያ ከረጢትማ ጨርሶ አይታሰብ፤ የቀድሞው እህልና አፈር ይቀላቀልበታል።

ቦርከና፦
ስለ ዱካው እኔ ልጨምር። ዝናብ ከመጣ ሳፋ ድፉበት፤ ላስቲክ ውኃ ሲያቁር ወርዶ ዱካውን ይነካዋል። ጎርፉ እንዳይገባበትም ከዱካው በላይ በኩል መሬቱ ላይ ትንሽ ቦይ ቅደዱ።

ከጀሶ በፊት ፎቶ ይነሳ። ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ማስመሪያው ከዱካው ጎን በሶሉ ጥልቀት ልክ ይቀመጥ። የስልኩን ፍላሽ አጥፉና የእጅ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ከአራቱም አቅጣጫ አብሩ፤ የሶሉ ቅርጽ ጎልቶ የሚታየው በጥላው ነው።

ለአንድ ዱካ አንድ ሊትር ውኃና በስፍር እጥፉ ጀሶ ይበቃል። ጀሶውን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ጀሶው አትጨምሩ፣ ይጓጉላል። እንደ እንጀራ ሊጥ ሲሆን ከዱካው ጎን በማንኪያ ጀርባ ላይ እያፈሰሳችሁ በራሱ እንዲገባ አድርጉ፤ ከላይ ከወረደ ዝርዝሩን ይደመስሰዋል። ግማሽ ሲሞላ ቀጫጭን ሽቦ ወይም ጭራሮ አግድሙበት፤ ተራ ጀሶ ሲነሳ ይሰበራል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሳይጠነክር ጀርባው ላይ ቀን፣ ቁጥርና የሰሜን ቀስት ጫሩ። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በብርድ አንድ ሰዓት ጠብቁና ከጎኑ ቆፍራችሁ አንሱት፤ ወደ ላይ አትጎትቱት። የተጣበቀውን ዋልካ አትጠቡ፤ አፈሩም ማስረጃ ነው። 48 ሰዓት ደርቆ በካርቶን ይሂድ። የጥርስ ሐኪሞች ጀሶ ከተገኘ ይሻላል፣ 900 ግራም በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ ገደማ፤ እሱ ጭራሮ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር በጥብቅ አስተምሯቸው፦ የተጠርጣሪውን ጫማ አምጥቶ ዱካው ላይ መግጠም ክልክል ነው! ዱካውን ያጠፋል፣ አዲስ አፈርም በጫማው ላይ ይለጥፋል።

ሐይቅ ዳር፦
አላህ ይስጣችሁ። ውኃ የቋጠረ ዱካስ? በዝናብ የራሰ መስታወትስ አሻራው አለቀለት?

የጁ፦
ውኃውን በስሪንጅ ከዳር ቀስ ብሎ መምጠጥ ነው። ሥሩ የሚናድ ከሆነ ተዉትና ደረቅ ጀሶ በወንፊት ነስንሱበት፣ ከዚያ ወፈር ያለውን ቅልቅል ጨምሩ።

የመስታወቱ አላለቀለትም። የላቡን ጨውና አሚኖ አሲድ ውኃ ያጥበዋል፣ ቅባቱ ግን ሊቀር ይችላል። አትጥረጉት፣ አታሙቁት፤ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ቤት ውስጥ አቁሙትና በራሱ ይድረቅ። እርጥብ ላይ የአሻራ ማውጫ ዱቄት ከተነሰነሰ ጭቃ ሆኖ በአሻራው መስመሮች መካከል ይሞላል። ወረቀት የተለየ ነው። ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ኒንሃይድሪን አሚኖ አሲድ ሲያገኝ ነው ወይን ጠጅ የሚሆነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ርሶ ከነበረ «ርሷል» ብላችሁ ጻፉ፣ ሌላ ዘዴ ይመርጣሉ። የበረኪና ሽታ ካለም ይመዝገብ፤ ደም የሚፈለግበት ሉሚኖል በበረኪናም ያበራል።

ጦሳ፦
ርክክቡን እንዳትረሳው። እሽጉ ላይ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳነሳው ይጻፍ፤ ፕላስተሩን አቋርጦ ይፈረም፤ እጅ በተለዋወጠ ቁጥር የሰጪና የተቀባይ ፊርማና ሰዓት ይኑር። ሚሊሻው ቤቱ ወስዶ ያሳደረው ቢላዋ ፍርድ ቤት ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ሰዓቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ቅጹ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲል የስልኩ ፎቶ 2፡00 ይላል፤ ዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ይለያያል። በየትኛው እንደተጻፈ ቅጹ ላይ በግልጽ ይስፈር።