«የመግነጢስ ፍሰት» ስንል ምኑ ነው የሚፈሰው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የፊዚክስ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ማግኔቲክ ፍለክስ» ላይ ስደርስ «የመግነጢስ ፍሰት» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ፍሰት ካለ የሚፈስ ነገር ይኖራላ! ምኑ ነው የሚፈሰው? መግነጢስ ሲለወጥ ሽቦ ውስጥ የሚነሳውን «ኢንዱስድ ቮልቴጅ»ንስ ምን ትሉታላችሁ?

መምህር፦ ምንም አይፈስም። «ፍለክስ» የሚለው ቃል ከላቲን ነው የመጣው፣ እዚያም ትርጉሙ መፍሰስ ነው። ስለዚህ አማርኛችንን አትክሰሰው፣ ነገሩ ከመነሻው እንደዚያው ነው። የፈሳሽ ሒሳብ ለመግነጢስም ስለሠራ ስሙ አብሮ ተሻገረ።

ቃሉ የሚለካው ይህን ነው፦ አንድ የሽቦ ቀለበት አለህ። የመግነጢስ መስኩ ምን ያህል ብርቱ ነው? ቀለበቱ ምን ያህል ሰፊ ነው? ወደ መስኩ ፊቱን ሰጥቷል ወይስ ጎኑን? ሦስቱን አባዝተህ የምታገኘው ነው ፍለክስ። ቀለበቱ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ከሰጠ፣ 1 ቴስላ (የመስክ ብርታት መለኪያ) መስክ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ቬበር (የፍለክስ መለኪያ) ይሆናል። ጎኑን ከሰጠ ዜሮ ነው፣ ማግኔቱ የፈለገውን ያህል ቢበረታ።

ሦስተኛ ሰው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በትምህርት መጻሕፍት ከረንት «ጅረት» ተብሏል። አሁን «ፍሰት» ሲጨመርበት ልጆቹ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። ጅረት እኮ የሚፈሰው እሱ ነው! «ዝልቀት» ብንለውስ? መስኩ ቀለበቱን ዘልቆ ያልፋል እንላለን አይደል?

ጠያቂ፦ ወድጄዋለሁ። ግን ማን ያውቀዋል? አንባቢው መዝገበ ቃላት ሊያገላብጥ ነው።

ጋራዥ የምሠራው፦ እናንተ በቃሉ ስትከራከሩ እኔ የማየውን ልንገራችሁ። የቆየ የቤንዚን መኪና ኮይል ውስጥ በአንድ ብረት ላይ የተጠቀለሉ ሁለት ሽቦዎች አሉ። አንዱ ወፍራም ነው፣ ዙሩ ጥቂት መቶ ነው። ሌላው ቀጭን ነው፣ ዙሩ ብዙ ሺህ ይሆናል። ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ግን 20 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ካንዴላው መቼ የሚተኩስ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ባትሪው ሲገናኝ ነው ይላል። አይደለም፣ ሲቋረጥ ነው።

መምህር፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አንተ ነህ ያነሳኸው። ባትሪው ሲገናኝ ፍለክሱ ቀስ እያለ ይገነባል። ሲቋረጥ ባንዴ ይወድቃል። ቮልቴጅ የሚሰጥህ የፍለክሱ ብዛት አይደለም፣ የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ላይ ያየው ይኼንኑ ነው። በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ጠቅልሎ፣ አንዱን ከባትሪ አገናኘ። ከሌላው ሽቦ አጠገብ ያለው የመግነጢስ መርፌ ዘለለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደተገናኘ ቆየ፣ መርፌው ግን ፀጥ አለ። ሲያቋርጠው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ዘለለ።

በቁጥር እንየው። ባለ 200 ዙር ጥቅል ውስጥ 0.003 ቬበር አለ እንበል። በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ከገባ 6 ቮልት ታገኛለህ። ያው ለውጥ በ0.001 ሰከንድ ከሆነ 600 ቮልት ነው። ሳይለወጥ ዓመት ቢቀመጥ ምንም የለም። ትራንስፎርመርን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ «ለምን አይሠራም?» የሚል ሰው መልሱ እዚህ ጋ ነው። እንዲያውም ሽቦው ሊቃጠልበት ይችላል።

ስለዚህ «ፍሰት»ም በሉት «ዝልቀት» ብዙ አልጣላም። «ለውጥ» የምትለዋን ቃል ግን ከጎኑ አትጣሉ።

ሦስተኛ ሰው፦ «ኢንዱስድ»ን እኔ «የተቀሰቀሰ» እለዋለሁ። «የመነጨ» ባትሪው ላይ ይሻላል። እዚህ ግን ሽቦው ምንም ሳይነካው ነው ከውጭ የሚገፋፋው።

ጠያቂ፦ የሚቀሰቀስ የተኛ ነው። ሽቦው ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቮልቴጅ አለ እንዴ?

ሦስተኛ ሰው፦ «ጠብ ቀሰቀሰ» ስንል ጠቡ ተኝቶ ነበር ማለት ነው እንዴ? አልነበረም፣ አስነሱት።

ጠያቂ፦ ተረታሁ። «የተቀሰቀሰ ቮልቴጅ» ብዬ እቀጥላለሁ። «ፍሰት»ን ይዤ በግርጌ «የሚፈስ ነገር የለም» ብዬ እጽፋለሁ።

ሌላ ሰው፦ ከርዕሱ ልውጣና፣ የምጣዳችን ሬዚስታንስም የተጠቀለለ ሽቦ አይደል? እሱም ኢንዳክሽን (ይኼ የመቀስቀስ ነገር) ነው?

ጋራዥ የምሠራው፦ አይደለም እህቴ። ምጣዱ ውስጥ ሽቦው ራሱ ነው የሚግለው። ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ የሚግለው ድስቱ ነው፣ ጅረቱ እሱ ውስጥ ስለሚቀሰቀስ። ለዚህ ነው የሸክላ ጀበና እዚያ ላይ የማይፈላው። ሸክላው ጅረት አያስተላልፍም። የግድ ካልሽ ከሥሩ የብረት ሳህን አድርጊበት።