የቆየና የቆሸሸ ቁስል፦ ዛሬ እንስፋው ወይስ ክፍት እንተወው?

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንድ አርሶ አደር እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ አዳልጦት እግሩን ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ሆስፒታላችን መጣ። ቁስሉ እስከ ጡንቻው የዘለቀ ሲሆን የበረት ጭቃ ገብቶበታል፤ ቤተሰቦቹም ደሙን ለማቆም የቡና ዱቄት ነስንሰውበታል። በራጅ አጥንቱ ደህና መሆኑ ታይቷል፤ የእግሩ የደም ሥር ትርታም ሆነ የጣቶቹ እንቅስቃሴ አልተጓደለም። አጥቤ ክፍት ልተወው ስል አብሮኝ የሚሠራው ባለሙያ «ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰደ ብንሰፋው ምን ችግር አለው?» አለኝ፤ ታማሚውም አለመሰፋቱን እንደ ንቀት ቆጥሮታል። ክፍት መተው ያለብን መቼ ነው? ከተውነውስ እስከ መቼ?

መልስ 1 (ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም)

ክፍት መተውዎ ልክ ነው። ሰዓቱ ብቻውን ግን አይወስንም፤ በንጹሕ ስለት የተቆረጠ ፊት ደም በብዛት ስለሚደርሰው ከአንድ ቀን በኋላም ሊሰፋ ይችላል፣ በበረት ጭቃ የተበከለ ጥልቅ የእግር ቁስል ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢደርስልንም ወዲያው አይዘጋም። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ጡንቻና በረጋ ደም ውስጥ ዝውውር ስለሌለ መድኃኒቱ የምንፈልገው ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። በላዩ ላይ ከሰፋነው ደግሞ አየር አልባ ጎድጓዳ ቦታ እንፈጥራለን፣ አየር በሌለበት የሚራባው ክሎስትሪዲየም የተባለ ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ማጠቡና የሞተውን መቁረጡ ነው። በመጀመሪያ በሊዶካይን ያደንዝዙ፤ ያልደነዘዘ ቁስል በወጉ አይታጠብም። ከዚያም በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየገፉ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ)፣ እሱ ካነሰም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ የቡናው ብናኝ ጨርሶ እስኪጠፋ ማጠብ ያስፈልጋል። የጠቆረ፣ በፎርሴፕስ (በሕክምና መቆንጠጫ) ሲቆነጠጥ የማይኮማተር፣ ሲቆረጥም የማይደማ ጡንቻ ሞቷልና ያውጡት፤ ቆዳውን ግን ይቆጥቡ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አልኮል ቁስሉ ውስጥ አይጨመሩ፤ አዲስ ሥጋ የሚሠሩትን ሴሎችም ይጎዳሉ።

በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ገልጠው ሲያዩት መግል ከሌለውና ቀይ ከሆነ ያኔ ይስፉት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ቁስሉን ያጸዳሉ፣ ቁስሉን የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ የኮላጅን፣ ሥራም ይጀመራል፤ ስለዚህ መዘግየቱ የጠባሳውን ጥንካሬ አይቀንሰውም።

ቲታነስም እንዳይረሳ። በአገራችን ለአዋቂዎች ሲሰጥ የቆየው ክትባት በዋናነት በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ስለነበር፣ አንድ ጎልማሳ አርሶ አደር ተከትቧል ብሎ መገመት አይቻልም። የወሰደው ካልታወቀ ወይም ከሦስት ዶዝ በታች ከሆነ ክትባቱና ኢሚውኖግሎቡሊኑ (ወዲያው የሚከላከል ዝግጁ ፀረ ቲታነስ አካል) በተለያየ ቦታ ይወጋሉ።

መልስ 2 (የቀዶ ሕክምና መምህር)

ዶክተር የጻፉት መርህ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቤልጂግና የሰሜን ፈረንሳይ የጦር ሜዳ በከብት ፍግ ሲዳብር የኖረ እርሻ ስለነበር፣ ወዲያው የተዘጉ ቁስሎች በጋዝ ጋንግሪን (ክሎስትሪዲየም ጋዝ እየፈጠረ ጡንቻን በሚገድልበት ኢንፌክሽን) ይበላሹ ነበር። ቤልጂጋዊው ቀዶ ሐኪም አንትዋን ደፓዥ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣትንና ቁስሉን ዘግይቶ መዝጋትን ያስፋፋው በዚያን ጊዜ ነው። በፈረንሳይዋ ከተማ ቡሎኝ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ፀረ ጀርም ፈሳሾች ወደ ቁስሉ ስንጥቅና ጉድጓድ እንደማይዘልቁ አሳይቷል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ሰው አስቀድሞ የመድኃኒትን ወሰን ማስተማሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ክሩም ቢሆን ባዕድ ነገር ነው። ኤሌክና ኮነን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ በፈቃደኞች ቆዳ ላይ መግል ለመፍጠር ሚሊዮኖች የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎች ሲያስፈልጉ፣ የሐር ክር ባለበት ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆነዋል።

መልስ 3 (ሲስተር፣ የቁስል ማሸጊያ ክፍል)

መርሁን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የሩቅ ገጠር ሰው በአምስተኛው ቀን ላይመለስ ይችላል። አንዳንድ ባለሙያ ላላ አድርጎ የሚሰፋውም ይህን ፈርቶ ነው። በበኩሌ ከማሸጌ በፊት ለታማሚውና ለአስታማሚው ለምን እንዳልተሰፋ አስረዳለሁ፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው አይቀየምም። ጎዙንም (የማሸጊያውን ስስ ጨርቅ) ጠቅጥቄ ሳይሆን አላልቼ እሞላለሁ፣ ሲለወጥም በሳላይን አርሼ አነሣለሁ፤ ደርቆ የተጣበቀ ጎዝ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይመጣል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ከሸተተ ወይም ቆዳው ሲነካ ከተንኮሻኮሸ ቀን ሳይቆጥሩ እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።

መልስ 4 (ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም)

ሲስተር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። አልጋ ካለ እስከ 5ኛው ቀን አስተኝቶ ማቆየት ይሻላል። ካልተቻለና ታማሚው እንደማይመለስ ከታወቀ ግን፣ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እየታሸገለት ከሥር ሞልቶ በራሱ እንዲዘጋ ይተው፤ ሳምንታት ይወስዳል፣ ጠባሳውም ይሰፋል፣ እግሩ ግን ይተርፋል። ጅማት፣ አጥንት ወይም መገጣጠሚያ ከታየ ግን ይህ አይሆንም፤ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍለት።