የቆዳ ሥራ ጀማሪ ነኝ፤ ገንዘቤን የትኛው መሣሪያ ላይ ላውጣ?

አዲስ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የካርድ መያዣና የኪስ ቦርሳ በእጅ መስፋት ልጀምር ነው፤ እጄ ሲፈታ ቀበቶም እሞክራለሁ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ትንንሽ ዕቃ ማስመጣት እችላለሁ፤ ከባድ ነገር ግን ሻንጣው ውስጥ አይገባልኝም። ኢንተርኔት ላይ የማየው ሁለት ጫፍ ነው፦ በአንድ በኩል 30 እና 40 ዕቃ የታጨቀበት ርካሽ ሳጥን፣ በሌላ በኩል ብቻውን የሳጥኑን ዋጋ የሚያስከነዳ አንድ መብሻ። ሳጥኑን ብገዛ ይቆጨኛል? የግድ ጥሩው መገዛት ያለበት የቱ ነው? እዚሁ ባለው የሚታለፈውስ? ደግሞ ዕቃውን በእጄ ስይዘው ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለይ? እህታችሁ ነኝ፣ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ወስፌና ክር፦

እህቴ፣ ሳጥኑን ተዪው። ከ40ው ዕቃ ለካርድ መያዣ የምትነኪው ሰባት ስምንቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ቆዳ ላይ አበባና ቅጠል የሚቀረጽበት ማኅተም፣ ቁጥር ማሟያ ነው። የሚያስፈልጉሽ ሰባት ስምንቱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ስለታቸው ሳይወጣ ነው የሚመጡት። ጀማሪ ደግሞ መሳል ገና ስላልለመደ፣ ቆዳው ሲበላሽበት ጥፋቱን ከእጁ ይቆጥረዋል እንጂ ከመሣሪያው አይጠረጥርም። ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብሽን ባለ ጥርሱ መብሻ ላይ አውጪ። ሹካ የሚመስለው፣ በመዶሻ እየተመታ የስፌቱን ቀዳዳ በእኩል ርቀት የሚያወጣው ማለቴ ነው። መርፌ የሚሄደው በተበሳለት መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ስፌቱ የሚቃናውም የሚንጋደደውም በመብሻው ነው። ሁለት ይበቃሻል፦ ባለ 2 ጥርስ ለማዕዘንና ለኩርባ፣ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ጥርስ ለቀጥታው መስመር። ሁለቱም ከአንድ አምራች፣ በአንድ ልክ ይሁኑ፤ ልክ የምለው ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለውን ርቀት ነው። አንዱ 4 ሚሊ፣ ሌላው 3.85 ሚሊ ቢሆን ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ 20 ቀዳዳ ላይ ስትደርሺ ግን 3 ሚሊ ይሞላና ለየብቻ የበሳሻቸው ሁለት ቁራጮች አልገጥም ይላሉ። ለኪስ ቦርሳ 4 ሚሊ ያዢ። 3 ሚሊ የበለጠ ያምራል፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ስለሚቀራረቡ እጅ ትንሽ ከሳተ ቆዳው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይቀደዳል። ቀበቶ 5 ሚሊ ይፈልጋል።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ጥርሶቹን ወደ ብርሃን አዙሪና በጎን እዪ። ጫፋቸው ሁሉ አንድ መስመር ላይ መዋል አለበት፤ አንዱ ካጠረ የታችኛውን ቆዳ ሳይበሳ ይቀራል። ቀጥሎ የጥርሶቹን ጎን በጥፍርሽ ዳብሺ። የማሽን ጭረት ጥፍርሽን ከያዘው ቆዳውንም ይይዘዋል፤ ስትነቅዪው ቆዳውን አብሮ ያነሳና የላይኛውን ፊት ይለጥጠዋል። ከዚያ ባረጀ ቆዳ ላይ ብሺና ቀዳዳዎቹን እዪ፦ ሁሉም በአንድ ልክ ያጋደሉ ጠባብ ስንጥቆች ካልሆኑ መብሻው አይረባም። ክሩ እንደ ሰረዝ ጋደል ብሎ የሚተኛው በዚያ ስንጥቅ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የፈረንሳዮቹ የድሮ ዓይነት መብሻ፣ ለምሳሌ ቨርጌ ብላንሻር የሚሠራው፣ ምልክት ማድረጊያ ነው እንጂ በስቶ የሚያልፍ አይደለም፤ ቀዳዳውን የሚጨርሰው ወስፌ ነው። ጥርሱ አጭርና ከሥሩ ወፍራም ስለሆነ ጀማሪ አስገድዶ ሲያስገባው ቀዳዳው ይሰፋል። አንቺ የምትፈልጊው ረጅምና ቀጭን ጥርስ ያለውን ነው። የጃፓኖቹ ሴይዋና ኪዮሺን ኤሌ ለመጀመሪያ በቂ ናቸው።

ርካሹ እጅሽ ላይ ካለም አትጣዪው። 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልለሽ በጥርሶቹ መካከል ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሺ፤ ከዚያ 1000፣ ከዚያ 2000። ጎኑን ብቻ ነው፤ ጫፉን ከነካሽ ያጥራል። ስትበሺ በየአሥር ምቱ ጥርሱን ንብ ሰም ላይ ወጋ አድርጊው፣ ሳይነክስ ይወጣል። ስትነቅዪም ቆዳውን ከመብሻው ግራና ቀኝ በጣትሽ ወይም በእንጨት ተጭነሽ፣ መብሻውን ሳታወዛውዢ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ጥርስ የሚሰበረው ሲወዛወዝ ነው።

መምቻሽ የብረት መዶሻ እንዳይሆን። የመብሻውን ራስ እንደ እንጉዳይ ያፈርጠዋል። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የእንጨት መዶሻ ከወይራ አናጺ ይሠራልሻል። ከቆዳው ሥር ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ፣ ከመክተፊያው ሥር የእብነ በረድ ቁራጭ አድርጊ፤ የምትመቺውም በጠረጴዛው እግር አናት ላይ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ከሆነ ምቱን ጠረጴዛው ይውጠዋል። ጥርሱ እብነ በረዱን በቀጥታ ካገኘው ግን አለቀለት።

ስል ቢላ፦

ስለ መብሻው ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን መብሳት የሚመጣው ከመቁረጥ በኋላ ነው፤ ጠማማ የተቆረጠ ቆዳ ላይ ጥሩ መብሻ ጠማማውን ተከትሎ ይበሳል።

ደስ የሚለው ግን መቁረጫ ላይ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። ግማሽ ጨረቃ የሚመስለውን የቆዳ ቢላ ፎቶ ላይ አይተሽ አትጓጊ፤ መሳል የማይችል ሰው እጅ ላይ በአንድ ሳምንት የደነዘ ብረት ይሆናል። ስለቱ እየተሰበረ የሚታደሰው ካተር ይበቃሻል። ሐሳቡ ራሱ ከጃፓን በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በኋላ ኦልፋ በሚል ስም የታወቀው፤ ኦልፋ ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽም እጀታው ውስጥ ስለቱ የማይንቀጠቀጥ ማንኛውም ይሆናል። ስለቱን አውጥተሽ በጣትሽ ግራና ቀኝ ግፊው፤ ከተነቃነቀ መልሺው። ለቀጥታ መስመር 18 ሚሊ ስፋት ያለው፣ ለኩርባ 9 ሚሊ የሆነውና ጫፉ 30 ዲግሪ የሾለው። 9 ሚሊው ወፍራም ቆዳ ላይ ይለመጣል፤ ያን ጊዜ ከላይ ቀጥ ያለ ከሥር የገባ ጠርዝ ታገኚያለሽ፣ ሁለት ቁራጭ ስታጣብቂ ጠርዙ አይገጥምም። ለእያንዳንዱ ቦርሳ አዲስ ጫፍ ስበሪ። ስለት ላይ መቆጠብ ቆዳ ማባከን ነው።

በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትጫኚ። ሦስቴ ቀለል አድርገሽ ሂጂበት፦ መጀመሪያው መንገድ ያበጃል፣ ሁለተኛው ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ያጠራዋል። ማስመሪያው ብረት ይሁንና ከሥሩ ቀጭን ቆዳ ለጥፊበት፣ አይንሸራተትም። ማስመሪያውን የምትፈልጊው ቁራጭ ላይ አድርጊው፤ ቢላው ቢስት እንኳ የሚበላው ትርፉን ይሆናል።

አዲስ ሰፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ወስፌ በቀላሉ ይገኛል፤ እሱ መብሻውንም መርፌውንም አይተካም? ሁለተኛ፣ የጠርዝ መላጫና ማለስለሻ የሚባሉትን ሁሉም ሰው ይመክራል፤ ልግዛቸው?

ጠርዝ አስተካካይ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም መልሱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከቆዳው ነው የሚመጣው።

እዚህ በብዛት የምታገኚው በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋ የበግና የፍየል ቆዳ ነው። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት የሚመረጥ ነው፤ ሞጆ አካባቢ ያሉት ፋብሪካዎች ምርትም በዋናነት ለጓንት፣ ለጫማ ፊትና ለልብስ የሚሆን ነው። የምታያቸው የውጭ ቪዲዮዎች ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት ከእንጨት ቅርፊትና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን በለፋ፣ ደረቅ ባለ ቆዳ ነው። የጠርዝ መላጫና ማለስለሻ የተሠሩት ለዚያኛው ነው። ያ ቆዳ ጠርዙ ተልጦ፣ ረጠብ ተደርጎ በእንጨት ሲታሽ የቆዳው ቃጫ ይጣበቅና እንደ ቀንድ ይወለወላል። በክሮም የለፋው ለስላሳና እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ብታሺው ይንጨባረራል እንጂ አይጠብቅም። ስለዚህ ቆዳሽን ሳትመርጪ እነዚህን አትግዢ።

መለያው፦ ቁራጩን ቆርጠሽ ውስጡን እዪ። መሃሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካለው ክሮም ነው፤ ቀለም ዘልቆት ከሆነ ግን ይህ አይታይም። ከጀርባው ጎን ውኃ ጠብ አድርጊ፤ በታኒን የለፋው ቶሎ ይመጥና ይጠቁራል። አጥፈሽ ስትጫኚውም እጥፋቱን ይዞ ይቀራል፤ ክሮሙ መልሶ ይዘረጋል።

ክሮም ከሆነ ጠርዙ ይታጠፋል ወይም የጠርዝ ቀለም ይቀባል። ለማጠፍ የሚያስፈልገው ማሳሻ ቢላ ነው። ጠርዙን 10 ሚሊ ያህል ስፋት ላይ ወደ ግማሽ ውፍረት ታሳሽዋለሽ፤ ካልሳሳ እጥፋቱ ይወፍርና ማዕዘኑ ይጎብጣል። ይህን ቢላ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ምናለሽ ተራ ሄደሽ ያረጀ የአናጺ መላጊያ ምላጭ ፈልጊ። በአንድ በኩል ብቻ የተሳለ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ስለሆነ ለማሳሳት የተፈጠረ ይመስላል። ማዕዘኑን ወደ 20 ዲግሪ ዝቅ አስደርጊው። በማሽን የሚስልልሽን ሰው ግን በየጊዜው ውኃ ውስጥ እንዲነክረው ንገሪው፤ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ተቃጥሏል፣ ምንም ብትስዪው አይዝም። ከዚያ 1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ላይ፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ የስለት ማወልወያ ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ። ቆዳው ላይ ወደ ኋላ ብቻ ሳቢው፤ ወደፊት ከገፋሽው ይቆርጠዋል። ወረቀት በዝምታ ሲሰነጥቅ ደርሷል። ከጎኑ ያለውን የብረት ብናኝ በደንብ ጥረጊ፦ በታኒን የለፋ እርጥብ ቆዳ ላይ የወደቀ ብናኝ ከታኒኑ ጋር ተዋሕዶ እንደ ቀለም የጠቆረ ነጥብ ይሆናል። ቀለል ያለውን የሎሚ ጭማቂ ያነሳዋል፤ የገባውን አያነሳውም።

ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ስስ አድርገሽ ቅቢና ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቂ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ሳይደርቅ ካጣበቅሽው ስትበሺ ይንሸራተታል። መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ጤና አይደለም። ቀጭን የበግ ቆዳ ሁልጊዜ ተጣብቆ ይበሳ፤ ለብቻው ከሆነ ይለጠጥና ርቀቱ ይዛባል።

ወደ ወስፌው። ቆልማማው ወስፌ ለሶል ጎበዝ ነው። ክሩን ከሥር ጠልፎ ስለሚያወጣ ፈጣን ነው፤ ግን ቆልማማው ጫፍ እንዲያልፍ ቀዳዳው መስፋት አለበት፣ 1 ሚሊ ቆዳ ላይ ያንን ቀዳዳ ክሩ አይሞላውም፣ ሲወጣም ፊቱን ይቦጭቃል። ከዚያም በላይ ስፌቱ አንዱ ክር ሌላውን በማነቅ የቆመ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበጠስ መተርተር ይጀምራል። በሁለት መርፌ ሲሰፋ ግን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ከሁለቱም ወገን ያልፋል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ቀጥ ያለውና ጫፉ ባለ አራት ማዕዘን የሆነው ወስፌ ግን ይጠቅምሻል፣ መብሻው ያልጨረሰውን ቀዳዳ ለመክፈት።

ወስፌና ክር፦

ጠርዝ አስተካካይ ስለ ቆዳው ያለው እኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ነው። እንግዲያው ለዘመድሽ የምትልኪው ይህን ነው፦ ሁለቱን መብሻ፣ ጫፋቸው ደንዘዝ ያለ የቆዳ መርፌዎች፣ 0.6 ሚሊ ሰም የተቀባ የፖሊስተር ክርና አረንጓዴውን ማወልወያ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ኪሎ አይሞላም። መርፌው ጆን ጄምስ 4 ቁጥር ቢሆን ለዚህ ክር ይስማማል። ሹል መርፌ አትውሰጂ፤ ሁለተኛው መርፌ ሲያልፍ ቀድሞ ያለፈውን ክር ወግቶ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠብቅልሽም።

የክሩ ርዝመት የስፌቱ አራት እጥፍ ይሁን። ስትጨርሺ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ስፊና ከቆዳው 2 ሚሊ አስቀርተሽ ቁረጪ፤ ፖሊስተሩን በላይተር ነካ ስታደርጊው ቀልጦ ይይዛል። የተልባ ክር ከሆነ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም፣ በሙጫ ነው የሚያዘው።

ለቀበቶ ጊዜው ሲደርስ በታኒን የለፋ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ውፍረት ያለው ቆዳ ፈልጊ፤ የጠርዝ መላጫውን 2 ቁጥር የምትገዢው ያኔ ነው። የቀበቶ ቀዳዳ መብሻ ስትገዢ ባለ ስድስት አፍ የሚሽከረከረውን ፒንሳ እለፊው፣ ርካሹ መንጋጋው ስለማይገጥም በአንድ ወገን ብቻ ይቆርጣል። በመዶሻ የሚመታ አንድ ባለ 4 ሚሊ ክብ መብሻ ይበልጣል። አምስት ቀዳዳ፣ በመካከላቸው 25 ሚሊ።

ለስፌት መስመር ማስመሪያ የተማሪ ኮምፓስ በቂ ነው፤ ከጠርዙ 3 ሚሊ ክፈቺው። እርሳሱን አውጥተሽ በምትኩ ሁለተኛ መርፌ አድርጊበት፣ ሁለቱንም ጫፍ በ1000 ቁጥር ወረቀት አዶልድሚያቸው። ሹል ከሆኑ መስመሩን አያሰምሩም፤ የቆዳውን ፊት ይቆርጡታል፣ ስፌቱም ያንን መስመር ይዞ ይቀደዳል።