ከባሕር አረም የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የመነመነ ጡንቻን ይጠቅማሉ?

ጥያቄ፦ የ74 ዓመት አዛውንት የሆኑት እናቴ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ አልጋ ላይ ብዙ በመቆየታቸው የጭናቸው ጡንቻ ክፉኛ መንምኗል። አንድ ዘመዳችን፣ ፉኮይዳን የተባለውን ከቡናማ የባሕር አረም የሚዘጋጅ እንክብል ቢወስዱ ጡንቻቸው ይመለሳል ብሎ አምጥቶልናል። እናቴ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ስለሚወስዱ ሳልጠይቅ ልሰጣቸው አልደፈርሁም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከመድኃኒት ባለሙያ፦ እባክዎ አይስጧቸው። ፉኮይዳን ራሱ የደም መርጋትን የማዘግየት ባሕርይ ስላለው፣ ከዋርፋሪን ጋር ሲደረብ ለመድማት ሊያጋልጥ ይችላል። በተጨማሪም ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ኬልፕ ከሚባሉት ቡናማ አረሞች አንዳንዶቹ በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛሉ፤ ይህም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያዛባ ይችላል። ዕቃውን ከነጽሑፉ ለሐኪማቸው ያሳዩ።

መልስ፣ ከሥነ ሕይወት ተመራማሪ፦ ዘመድዎ የሰሙት ወሬ መነሻ አለው። ጡንቻ ሲመነምን አትሮጂን-1 እና ሙርፍ-1 የሚባሉ ኢንዛይሞች ይበዙና የጡንቻውን ፕሮቲን እንዲፈርስ ምልክት ያደርጉበታል። ፉኮይዳንም ሆነ ፍሎሮታኒን የተባሉት የባሕር አረም ውህዶች ይህን የማፍረስ ሂደትና አብሮት የሚመጣውን ብግነት ሲያረግቡ የታየው በአብዛኛው በላቦራቶሪ ባደጉ ሴሎችና በአይጦች ላይ ነው። ከስብራት በሚያገግሙ አረጋውያን ላይ ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ፣ ተስፋ የሚጣልበት ምርምር እንጂ ሕክምና ብዬ አልጠራውም።

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦ ጡንቻ እንዲያድግ የሚያዝዘው ሸክም ነው። የቀዶ ሐኪማቸው እግራቸው ክብደት እንዲሸከም ከፈቀደ፣ ደገፍ እያሉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ይጀምሩ፤ ሲቀላቸው ድጋፉን እየቀነሱ ድግግሞሹን ይጨምሩ። የታመሙ ወይም የተጎዱ አረጋውያን በአንድ ኪሎ ክብደታቸው በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እንክብሉን አልሰጣቸውም። ችግሩ እናቴ ቶሎ ስለሚጠግቡ ያን ያህል ፕሮቲን መብላት ይከብዳቸዋል።

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦ በሦስቱም ማዕድ ያከፋፍሉላቸው፤ ሳይጠግቡ በፊት ከሌላው ምግብ አስቀድመው ፕሮቲን ያለውን ይስጧቸው። ክብደታቸውንም በየሳምንቱ ይመዝግቡ፤ መቀነሱን ከቀጠለ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይያቸው።