የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሲያጥራችሁ እንዴት ትለካላችሁ?

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ሐዋሳ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የ28 ሳምንት ነፍሰ ጡር አለችኝ፤ የእርግዝና ስኳር ተገኝቶባታል። በባዶ ሆዷ ስኳሯ 104 mg/dL ነበር። ግባችን ከ95 በታች፣ ከበላች ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ120 በታች ነው። ቁጥሩ አልጠፋኝም። ማሽኑ አለ፣ ስትሪፑ ነው የሌለው። ከውጭ ግዢ እንዳልላት ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በቀን 4 ጊዜ ማን ይችለዋል?

ምግቡም ሌላ ጣጣ ነው። ቆጮ ተዪ ልላት አልችልም፣ ቤቱ ያለው እሱ ነው። መጠኑን ቀንሰሽ ከጎመንና ከአይብ ጋር ብዪ፣ ከዚያ ትንሽ ተራመጂ አልኳት። ለስላሳውን እርግፍ አድርጋ ትታለች። (ሻይዋ ላይ 4 ማንኪያ ስኳር ታደርግ ነበር፤ ስሰማ ራሴን ያዝኩ።)

ካልወረደላት ሐኪሙ ኢንሱሊን ሊጀምርላት ነው። ፍሪጅ የላትም። የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ግን ቆርቆሮ ቤት በቀትር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ኢንሱሊኑን ለማቀዝቀዝ በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ የሞከራችሁ አላችሁ? በሳምንት 6 ስትሪፕ ብቻ ቢኖራችሁስ የትኛውን ሰዓት ትመርጣላችሁ? እኔ 3ቱን በባዶ ሆድ፣ 3ቱን ቀን እየቀያየርኩ ከምግብ በኋላ አስቤያለሁ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ፤ ሐሙስ ትመጣለች።